ደሙን ተወው፣ ተራውን ቁጠር

«ሰላም ወንድሜ። ባልዱርስ ጌት 3 የሚባለውን ጌም ታክቲሽያን በሚባለው ከባድ ደረጃ ላይ እየተጫወትኩ ነው፤ ሌቭል 4 ደርሻለሁ። የጎብሊኖቹ ምሽግ ውስጥ ገብቼ ዙፋኑ ክፍል ውስጥ ከአለቃቸው ከድሮር ራግዝሊን ጋር ስገጥም 7 ጊዜ ተሸነፍኩ። የራሴ ሰው ፋይተር (ተዋጊ) ነው፤ አብረውኝ አካሚዋ ሻዶውሃርት፣ አስማተኛው ጌልና ቀስተኛው አስታሪዮን አሉ። ሁሌም የሚሆነው አንድ ነው። አናግረዋለሁ፣ ጠብ ይነሳል፣ ጌል ተራው ሳይደርስ ይወድቃል። ሻዶውሃርት ስታክም ትውላለች። አስታሪዮን ይስታል፣ ይስታል፣ አሁንም ይስታል። እኔ ከራግዝሊን ጋር ስተናነቅ ጎብሊኖቹ ሁላችንንም ይጨርሱናል። ሌቭል ልጨምር? ዲፊካልቲውን ላውርደው? አስታሪዮንን በሌላ ልቀይረው? ስሜን አታውጣው፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል።»

ስምህን አላወጣሁም። ለነገሩ ጓደኞችህም እዚያ ክፍል ውስጥ ሳይዘረሩ አልቀሩም፣ አይነግሩህም እንጂ።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ማን እንደወደቀ ነግረኸኛል፣ ማን እንደሳተ ነግረኸኛል፣ ማን ሲታከም እንደዋለ ነግረኸኛል። አንድ ነገር ግን የለም። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ስንት ጎብሊን ቆሞ ነበር? እሱን አልጻፍከውም፣ ምናልባትም አላየኸውም፣ ምክንያቱም ዓይንህ የራስህ ሰዎች የደም መስመር ላይ ተተክሎ ነው የዋለው። እኔም መጀመሪያ አካባቢ እንደዛው ነበርኩ። የደም መስመሩ ቀይ ሲሆን ልብህ ይመታል፣ እጅህ ወደ ሂል፣ ወደ ማከሙ ይሄዳል። ጌሙ ግን የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው። የሚቆጥረው ተራ ነው፤ ሁሉም በየተራው አንዴ ሲንቀሳቀስ አንድ ዙር አለቀ። በአንድ ዙር እነሱ ስንት ተራ አገኙ፣ አንተ ስንት አገኘህ? እናንተ አራት ናችሁ። እነሱ ደግሞ ከእጥፍ በላይ ናቸው። ይህንን ልዩነት ቶሎ ካላጠበብከው ምንም ያህል ብታክም አትደርስበትም።

1 ደም የቀረው ጎብሊን ሙሉ ደም ካለው ጎብሊን እኩል ይመታል። ይህንን እስክሪንህ ጥግ ላይ ጻፈው።

በቁጥር እንየው። 4 ጎብሊኖች አሉ እንበል፣ እያንዳንዳቸው 14 ደም አላቸው። የአንተ 4 ሰዎች በየተራቸው 7፣ 7 ያደርሳሉ። በአንተ አካሄድ አንድ ለአንድ ትያያዛላችሁ። ዙሩ ሲያልቅ አራቱም ጎብሊኖች ግማሽ ደም ይዘው ቆመዋል፣ አራቱም ይመቱሃል። በሁለተኛው ዙር ሁሉም ይሞታሉ። አሁን ደግሞ ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ አንዱ ላይ ውረዱበት። ዙሩ ሲያልቅ ሁለቱ ሞተዋል፣ ሁለቱ ምንም አልተነኩም፤ የሚመቱህ ግን ሁለት ብቻ ናቸው። በሁለተኛው ዙር እነሱም አለቁ። ያደረስከው ጉዳት በሁለቱም መንገድ 56 ነው። አንድ ምት 6 ደም ቢወስድ ግን በመጀመሪያው መንገድ 24 ጠፋብህ፣ በሁለተኛው 12።

አሁን ሻዶውሃርትን አስብ። ያቺን 12 ደም መልሼ ልሙላ ብትል ምን አላት? ሂሊንግ ወርድ የሚባለው የማከሚያ አስማቷ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ላይ 3 ተደምሮ ነው፣ በአማካይ 5.5። ሌላው፣ ኪዩር ዋውንድስ፣ ባለ 8 ላይ 3፣ በአማካይ 7.5፣ ያውም ሙሉ አክሽኗን (የተራዋን ዋና ድርጊት) በልቶ፣ የቆሰለው ሰው አጠገብ ድረስ አስኪዷት። አንድ ዙር ሙሉ ስታክም ውላ ጎብሊኑ በአንድ ምት ያፈሰሰውን ብትመልስ ነው። እሷ እዚያ ስትለፋ ጎብሊኑ ቆሟል፣ በሚቀጥለው ዙርም ይመታል። በተወጋ ባልዲ ውሃ መቅዳት ማለት ይሄ ነው።

ታዲያ ፈጽሞ አታክም ወይ? ታክማለህ፣ ሰው ሲወድቅ። 3 ደም የቀረው አስታሪዮን ሙሉ ደም እንዳለው አስታሪዮን ነው የሚወጋው፣ ስለዚህ ተወው። 0 ሲገባና ሲወድቅ ግን አንድ ተራ አጣህ ማለት ነው፣ ያኔ ሂሊንግ ወርድ ዋጋ አለው። ከሩቅ ይሠራል፣ የሚበላውም ቦነስ አክሽን (በየተራው ያለውን ትንሽ ተጨማሪ ድርጊት) ብቻ ነው። ዋናው አክሽኗ አልተነካም፣ በዚያው ተራ ጋይዲንግ ቦልት የሚባለውን የማጥቂያ አስማት መልቀቅ ትችላለች። ፖሽንም (የፈውስ መድኃኒቱ) ቢሆን መጠጣት ብቻ አይደለም፣ ወርውረው። ሁለት ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ከወደቁ መሃላቸው ላይ ወርውር፣ ሲሰበር ሁለቱንም ያነሳል። አንድ ነገር ብቻ ጠንቀቅ በል፤ የወደቀ ሰው አጠገብ ጎብሊን ካለ አትዘግይ፣ መሬት ላይ እያለ የሚያርፍበት ምት ወደ ሞት ነው የሚቆጠርበት፣ ሦስት ከሞላ አለቀ።

እሺ፣ ወደ ክፍሉ እንግባ።

ትልቁ ስህተትህ የተሠራው ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ነው። አራታችሁም ተያይዛችሁ ገባችሁ፣ ራግዝሊን ፊት ቆማችሁ አወራችሁ፣ ከዚያ ጠብ ተነሳ። በዚያች ሰከንድ ጌል የት ነበር? ከኋላህ አንድ እርምጃ፣ ክፍሉ መሃል፣ ዙሪያውን ጎብሊን። እዚህ ጌም ላይ ማን ይቅደም የሚለው የሚወጣው በባለ 4 ገጽ ዳይስ ላይ ዴክስቴሪቲ (ቅልጥፍና) ተደምሮ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት ዋናው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ባለ 20 ይወረውራል፣ እዚያ ዕድል ብዙ ነገር ይገለብጣል። እዚህ ግን ዳይሱ ትንሽ ስለሆነ ዴክስቴሪቲው ያነሰ ሰው ሁሌም ማለት ይቻላል ወደኋላ ይቀራል። ጌል ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ «ተራው ሳይደርስ ይወድቃል» ያልከው መጥፎ ዕድል አይደለም፣ ሰባት ጊዜ አንድ ቦታ ስላቆምከው ነው ሰባት ጊዜ የወደቀው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፓርቲውን ፍታው። አራቱም አንተን መከተል የለባቸውም፤ ከቡድኑ ለያቸውና አንድ በአንድ የምትፈልገው ቦታ አቁማቸው። ማውራት ካለብህ ፋይተርህ ብቻውን ገብቶ ያውራ። እሱ እያወራ ሳለ ወደ ሌሎቹ ዞረህ ማንቀሳቀስ ትችላለህ፣ ጎብሊኖቹ ወሬ እየሰሙ ይጠብቁሃል። ጣሪያው ሥር ያሉትን አግዳሚዎች አይተሃቸዋል? ቀና ብለህ እይ። ጌልና አስታሪዮን ቦታቸው እዚያ ነው። ሻዶውሃርት በሩ አካባቢ፣ ከሁሉም ርቃ።

ከዚህም የተሻለ አለ፣ አለማውራት። ተደብቀህ መጀመሪያ ከመታህ፣ ያላዩህ ጠላቶች ይደነግጣሉ፣ የመጀመሪያ ተራቸውንም ያጣሉ። እየቆጠርን ያለነው ተራ መሆኑን አትርሳ። 8 ጎብሊን ደንግጦ ከቀረ 8 ተራ በነፃ አገኘህ፣ ያንን የሚሰጥህ ስፔል (አስማት) የለም። ሁሉም ላይ ላይሠራልህ ይችላል፣ ግማሹ ላይ ከሠራም ይበቃል።

ከፍታው ለምን አስፈለገ ትለኝ ይሆናል። የአስታሪዮን ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ልጁን አትቀይረው፣ ምንም አላጠፋም።

ከርቀት ስትተኩስ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆንክ በዳይሱ ላይ 2 ይጨመርልሃል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆንክ 2 ይቀነስብሃል። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ 5 በመቶ ናት። አስታሪዮን ሜዳ ላይ 55 በመቶ ይመታል እንበል። ዒላማው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ከቆመ 45 ሆነ። ይባስ ብሎ አንድ ጎብሊን ጎራዴ ይዞ አጠገቡ ቆሟል፣ አስታሪዮን ግን ቀስቱን ይዞ ሌላውን ያነጣጥራል። ጠላት አጠገብህ ቆሞ ቀስት ስትስብ ዳይሱ ሁለቴ ይወረወርና ትንሹ ይያዛል። 45 በመቶ ሁለቴ መሳካት አለበት ማለት ነው፣ ያ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። አምስት ቀስት ተኩሶ አንዱ ነው የሚያርፈው። «ይስታል፣ ይስታል፣ አሁንም ይስታል» ያልከው ይሄንን ነው።

ያንኑ አስታሪዮን አግዳሚው ላይ አውጣው። 55 የነበረው 65 ሆነ። ተደብቆ ከተኮሰ ደግሞ ዳይሱ ሁለቴ ይወረወርና ትልቁ ይያዛል፣ 88 በመቶ ገደማ። ያው ልጅ፣ ያው ቀስት። በዚያ ላይ ስኒክ አታክ (ጉዳት የሚጨምርለት የአስታሪዮን ልዩ ምት) የሚሠራው እንዲህ ሲሆን ወይም የአንተ ሰው ዒላማው አጠገብ ሲቆም ነው፤ በሌቭል 4 ሁለት ባለ 6 ዳይስ ይጨምርለታል። በጎብሊን ተከቦ ሲተኩስ ይሄንንም ነበር ሲያጣው የከረመው።

ስለ ሻዶውሃርት አንድ ያልጻፍከው ነገር አለ፣ ግን እወራረዳለሁ። ብለስ የሚባለውን አስማት ትለቃለች፣ ከዚያ በሚቀጥለው ተራ ሺልድ ኦፍ ፌይዝ የሚባለውን ትደርባለች፣ አይደል? ብለስ ያኔ ጠፋ። ሁለቱም ኮንሰንትሬሽን (አስማቱን ይዞ የሚያቆይ ትኩረት) ይፈልጋሉ፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ብቻ ነው። ስፔሉ ላይ ምልክቱ አለ፣ ግን ማንም አያነበውም። ብለስ ለሦስት ሰው በየምቱ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ይጨምራል፣ በአማካይ 2.5፣ ማለትም 12 በመቶ ተኩል። ለሦስት ሰው፣ በየዙሩ። ከሌቭል 1 ስፔሎች ውስጥ ለኔ አንደኛው እሱ ነው። ስለዚህ አንዴ ትልቀቀውና ትያዘው። ጠላት ሲመታት በኮንስቲትዩሽን (በጽናት) ዳይስ ትወረውራለች፤ 10 ወይም የደረሰባት ጉዳት ግማሽ፣ ከሁለቱ የበለጠውን ማለፍ አለባት። ካላለፈች ብለሱ ሄደ። ከሩቅ አቁማት ያልኩህ ለዚህ ነው፣ ስትወድቅማ ያለ ጥያቄ ይጠፋል።

ጌል ዘንድ ስንመጣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ሰባተኛው ላይ ስትሸነፍ ስንት ስሎት (ስፔል የመልቀቂያ ዕድል) ቀርቶት ነበር? ሌቭል 4 ላይ አራት ለደረጃ 1 ስፔል፣ ሦስት ለደረጃ 2 ስፔል አለው። ተራ ሳያገኝ ሲወድቅ ሰባቱንም ይዞ ነው የሚወድቀው። ሁለት ዙር ቢያገኝ እንኳን ስሎት የማይበላውን ትንሹን የእሳት ስፔል፣ ፋየር ቦልትን፣ ስታስለቅቀው ይታየኛል፣ «ትልቁን ስፔል ለከባዱ ውጊያ ላቆይ» ብለህ። ወንድሜ፣ ከባዱ ውጊያ ይሄ ነው። ታክቲሽያን ላይ ሎንግ ሬስት (ስሎቶቹን የሚመልሰው ረጅም እረፍት) 80 የምግብ ነጥብ ስለሚፈልግ መቆጠብህ ይገባኛል፣ ግን ምሽጉ ውስጥ እየዞርክ የምትለቅመው ምግብ ያንን ይሸፍናል። ቦርሳህ ውስጥ የተከማቹትን ስክሮሎችም (አንብበህ ስፔል የምትለቅባቸውን ጥቅልሎች) አትቆጥባቸው። እዚህ ጌም ላይ ስክሮል ለማንበብ ዊዛርድ መሆን አይጠበቅብህም፣ ፋይተርህም ያነባል። አከፋፍላቸው።

ጌል ምን ያድርግ? ጉዳት ማድረሱን ለሌሎቹ ይተው። የእሱ ሥራ ተራ መስረቅ ነው። ስሊፕ በድምሩ 24 ደም የሚያህሉ ጠላቶችን ያስተኛል፤ የሚቆጠረው አሁን የቀራቸው ደም ስለሆነ የቆሰሉ ጎብሊኖች ላይ ይጣፍጣል፣ ሁለት ሦስቱን በአንዴ። ግሪስ ኮንሰንትሬሽን አይፈልግም፣ በር ላይ ወይም መተላለፊያ ላይ ዘርጋው፣ የሚረግጡት እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ፣ የወደቀ ተራውን አጣ። ግሪስ ግን እሳት ይይዛል። እኔ አንድ ጊዜ ጎብሊኖች ተደራርበው ሲወድቁ አይቼ ደስ ብሎኝ ፋየር ቦልት ለቀቅኩበት። የራሴ ፋይተር ጠርዙ ላይ መቆሙን ያየሁት ሲነድ ነው። ሴቭ ያደረግኩት ከ40 ደቂቃ በፊት ነበር።

ለራግዝሊን ደግሞ ሆልድ ፐርሰን፣ ሰው የሚያስረው ስፔል። ሆብጎብሊን ነው፣ ሰው መሰል ስለሆነ ይሠራበታል። የደረጃ 2 ስሎት ይበላል፣ ሦስት አለህ። ራግዝሊን በዊዝደም (በጥበብ) ዳይስ ወርውሮ ካመለጠ በሚቀጥለው ተራ ድገመው። ከያዘው ያ ሁሉ ጡንቻ ሐውልት ሆነ፣ ከቅርብ የሚያርፍበት ምት ሁሉ ደግሞ ክሪቲካል (ጉዳቱ የበዛ ምት) ነው። ጌል ሆልድ ፐርሰንን ይይዛል፣ ሻዶውሃርት ብለስን ትይዛለች። ሁለት ኮንሰንትሬሽን፣ ሁለት ሰው፣ አይጋጩም።

አሁን የመጀመሪያውን ዙር ልቁጠርልህ። አስታሪዮን ከላይ ተደብቆ አንዱን ቀስተኛ ጎብሊን ይጥላል፣ ውጊያው ይጀመራል። ሻዶውሃርት ከበሩ ብለስ ለአንተ፣ ለአስታሪዮንና ለጌል። ጌል ከላይ ሆልድ ፐርሰን። አንተ ሮጠህ ትገባለህ። የቦነስ አክሽንህን አትርሳው፤ መዝለልም መግፋትም ቦነስ አክሽን ናቸው። ራግዝሊን ከታሰረ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ አንዱ ላይ ውረዱ ያልኩህን እዚህ ላይ እኔው ራሴ አፈርሰዋለሁ። አክሽን ሰርጅ (አንድ ተጨማሪ አክሽን የሚሰጥህ የፋይተር ችሎታ) ተጠቀምና ሁለቴ ምታው፣ ሁለቱም ክሪቲካል ነው፣ ማሰሪያው መቼ እንደሚለቀው አይታወቅምና ዕድሉን አታሳልፈው። ያልታሰረ እንደሆነ ግን እሱን ተወው። ዙሪያውን ያሉትን ትንንሾቹን፣ መጀመሪያ አስማተኞቹንና ቀስተኞቹን፣ ከአስታሪዮን ጋር እየተጋገዝክ አንድ በአንድ ጨርስ። የአለቃው ደም ብዙ ነው፣ አንድ ተራውን ለመንጠቅ የምትከፍለው ጉዳት ሦስት ጎብሊን ይገድላል። ከእሱ ጋር ስትተናነቅ ጎብሊኖቹ የጨረሱህ በዚህ ሒሳብ ነው። ሁለተኛውን ዙር አልነግርህም፣ ያኔ ማን እንደቆመ ቆጥረህ ራስህ ታውቀዋለህ።

ጎብሊኖች አግዳሚው ላይ ከወጡባችሁ ግፏቸው። ከላይ የወደቀ ይጎዳል፣ ተመልሶ ለመውጣትም ተራ ይበላል።

በርሜል ስለመደርደር አልጠየቅከኝም፣ ደግ አደረግክ። ፈንጂ በርሜል እየለቀምክ ዙፋኑ ሥር ደርድረህ በአንድ ፋየር ቦልት መጨረስ ይቻላል። ሲፈነዳ ያስቃል። ግን የሚቀጥለው ክፍል ስትገባ ያው የድሮው አንተ ነህ።

ሌቭል ልጨምር ላልከው፣ ሌቭል 5 ትልቅ ዝላይ ነው፣ አልዋሽህም። ፋይተርህ በአንድ አክሽን ሁለቴ ይመታል፣ ጌል ፋየርቦል የሚባለውን ትልቅ የእሳት ስፔል ያገኛል። የሚገርመው እዚያም የሚጨመርልህ ያው ተራ መሆኑ ነው፤ ሁለቴ መምታት አንድ ተጨማሪ ሰው እንደማሰለፍ ነው። ካርታው ላይ ያልነካሃቸው ቦታዎች ካሉህ ሄደህ ሌቭልህን ይዘህ ተመለስ። ግን በሌቭል 4ም ይወጣል። ዲፊካልቲውን ማውረድም ነውር የለውም፣ ዲፊካልቲ የማይቀየርበት ኦነር ሞድ ላይ ካልሆንክ በማንኛውም ሰዓት አውርደህ መልሰህ ትሰቅለዋለህ፣ ማንም ሰርተፊኬት አይነጥቅህም። እኔ ብሆን ግን ከላይ ያልኩህን ሁለት ጊዜ ሳልሞክር አላወርድም። የጌል ወደኋላ መቅረት አሁንም ካናደደህ ካምፕህ ውስጥ ያለው ዊዘርስ በ100 ወርቅ ነጥቦቹን እንደገና ያከፋፍልልሃል፣ ዴክስቴሪቲውን ትንሽ ከፍ አድርገው።

ከመግባትህ በፊት ሾርት ሬስት (አጭር እረፍት) ውሰድ፣ አክሽን ሰርጅ የሚመለሰው በእሱ ነው። በአንድ ሎንግ ሬስት መሃል ሁለት አለህ፣ እስካሁን አንዱንም አልነካህም ብዬ እገምታለሁ። ሴቭ አድርግ። ጌልን አግዳሚው ላይ ስታወጣም ከፋይተርህ ጋር ያለውን ግንኙነት መፍታትህን ሁለቴ አረጋግጥ፤ አለበለዚያ ፋይተርህ አንድ እርምጃ ሲራመድ እሱም ደስ እያለው ዘሎ ወርዶ ክፍሉ መሃል ይቆምልሃል።